የዝላይን ኃይል በልክ ያስቆጠረው ዶክተር ሳርጀንት

የሰውን ብርታት በዓይን አይቶ ለመገመት የማይደፍር የለም። ደረቱ የሰፋውን ብርቱ ነው፥ ቀጠን ያለውን ደካማ ነው ማለት በየአገሩ የተለመደ ነው። ስለ ሴቶች ልጆች ሲሆን ደግሞ ግምቱ ከልማድ አልፎ እንደ ሕግ የተቆጠረበት ዘመን ነበረ። ሴት ልጅ ብትሮጥ ትታመማለች፥ ክብደት ብታነሣ ትጎዳለች፥ ከፍ አድርጋ ብትዘል አካልዋ ይናጋል የሚለው አስተያየት በመንደር ወሬ ብቻ ሳይሆን በታወቁ ሐኪሞች መጽሐፍም ይገኝ ነበረ። ዛሬ ታሪኩን የምናቀርበው ሰው ግን ግምትን በግምት ለመመለስ አልወደደም፤ ሜትሩንና ሚዛኑን ይዞ ተነሣ። ስሙ ዳድሊ አለን ሳርጀንት ይባላል። በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ የሰውነት ማጠንከሪያ አስተማሪዎች የተማሪን ዝላይ በግድግዳ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው ሲለኩ፥ አውቀውትም ሆነ ሳያውቁት የዚህን ሰው ሥራ ይደግማሉ። በጽሑፋችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ሳርጀንት በ1849 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 28 ቀን በአሜሪካን አገር በሜይን ግዛት፥ ቤልፋስት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። አባቱን ገና በልጅነቱ ስላጣ እንደ ባለጸጋ ልጆች ተቀምጦ ለመማር አልቻለም፤ በልዩ ልዩ የጉልበት ሥራ እየዋለ አደገ። ነገር ግን ልቡ ወደ ጂምናስቲክ ያዘነበለ ስለ ነበረ፥ ከሥራ የተረፈውን ጊዜ በእንጨት ላይ በመንጠልጠልና በመገለባበጥ ያሳልፈው ነበር። በዚህም እየበረታ ሄዶ ሰርከስ ከሚባለው የትርኢት ጓድ ጋር ተቀላቀለና በሕዝብ ፊት ጥበቡን እስከ ማሳየት ደረሰ።

በዚያን ጊዜ የሰርከስ ሰው በትልልቅ ሰዎች ዘንድ ብዙ ክብር አልነበረውም። ይሁን እንጂ ወጣቱ ሳርጀንት ከዚያ የቀሰመው ትምህርት ኋላ በዩኒቨርሲቲ ከተማረው የሚያንስ አይመስለንም። ተመልካቹ ሕዝብ ተገለባባጩን ሲያይ ተፈጥሮ የሰጠችው ልዩ ስጦታ ይመስለዋል፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለው ሰው ግን ያ ሁሉ ጥበብ ከትንሽ እየተጀመረ፥ በየቀኑ እየተጨመረ የመጣ መሆኑን ያውቃል። ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ እንደሚሄድ ሳርጀንት በገዛ አካሉ አይቶታል።

በ1869 ዓ.ም.፥ ዕድሜው 20 ዓመት ሲሆን፥ በዚያው በሜይን ግዛት የሚገኘው ቦውዶይን ኮሌጅ የጂምናስቲክ አዳራሹን እንዲመራ ሥራ ሰጠው። ከሁለት ዓመት በኋላም በዚያው ኮሌጅ ተማሪ ሆኖ ገባ። እንግዲህ ይህ ወጣት በአንድ ግቢ ውስጥ አስተማሪም ተማሪም ነበረ ማለት ነው። በዚሁ ላይ ዬል ወደሚባለው ዩኒቨርሲቲ እየሄደ ጂምናስቲክ ያስተምር ነበር። በ1875 ዓ.ም. ከቦውዶይን ዲፕሎማውን ከተቀበለ በኋላ፥ የሰውን ጡንቻ ለማሠልጠን የሚፈልግ ሰው ከጡንቻው በታች ያለውን ልብ፥ ሳንባና አጥንት ማወቅ ይገባዋል ብሎ በዬል የሕክምና ትምህርቱን ቀጠለ፤ በ1878 ዓ.ም.ም የሐኪምነት ማዕረግ አገኘ።

በዚያ ዘመን የነበሩትን የጂምናስቲክ አዳራሾች ስናስብ፥ ሳርጀንት ያየው ጉድለት ምን እንደ ሆነ ይገለጥልናል። በአዳራሾቹ ውስጥ የነበሩት መሣሪያዎች የሚንጠለጠሉበት እንጨት፥ የሚወጡበት ገመድና ከባድ ብረት ነበሩ። ከእንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ራሱን ወደ ላይ ለመሳብ የሚችል ሰው መጀመሪያውንም ብርቱ ነው። የገዛ ሰውነቱን ክብደት መሳብ የማይችለው ደካማ ግን በዚያ መሣሪያ ምንም ሊማር አይችልም፤ አንድ ጊዜ ሞክሮ አፍሮ ይመለሳል። ስለዚህ አዳራሹ ብርቱውን የበለጠ ብርቱ ሲያደርግ፥ ዋናውን ችግረኛ በደጅ ያስቀረው ነበር።

ሳርጀንት ይህን ለማቃናት በመዘውር ላይ የሚያልፍ ገመድና በጫፉ የሚንጠለጠል ክብደት ያለው መሣሪያ ሠራ። ክብደቱ በጥቂት በጥቂቱ የሚጨመርና የሚቀነስ ስለ ሆነ፥ ደካማው በሚችለው ትንሽ ክብደት ጀምሮ ከሳምንት ሳምንት ሊጨምር ቻለ። አንዱ መሣሪያ ለደረት፥ አንዱ ለጀርባ፥ ሌላው ለእግር እየተባለ ተለየ። ዛሬ በየከተማው በስፖርት ቤቶች የምናያቸው፥ ክብደታቸው በየደረጃው የሚስተካከል መሣሪያዎች በአሳባቸው የእነዚህ ልጆች ናቸው።

በ1879 ዓ.ም. ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሄሜንዌይ የተባለ አዲስ የጂምናስቲክ አዳራሽ ሲያቋቁም ሳርጀንትን ዲሬክተር አድርጎ ሾመው። ረዳት ፕሮፌሰር የመባልን ማዕረግ ያገኘው እስከ 1889 ዓ.ም. ድረስ ብቻ ቢሆንም፥ በዲሬክተርነቱ እስከ 1919 ዓ.ም. 40 ዓመት ያህል ቆየ። አሠራሩም እንደ ሐኪም አሠራር ነበረ። ወደ እርሱ የመጣው ተማሪ አስቀድሞ ልቡና ሳንባው ይመረመራል፤ ቁመቱ፥ ክብደቱ፥ የክንዱና የጭኑ ውፍረት፥ የደረቱ ስፋት ይለካል፤ የእጁ፥ የጀርባውና የእግሩ ጉልበት በመሣሪያ ይፈተናል። ከዚያ በኋላ ሐኪም መድኃኒት እንደሚያዝ ሁሉ፥ ለዚያ ተማሪ ብቻ የሚስማማው ልምምድ ተጽፎ ይሰጠዋል። ከጥቂት ወራት በኋላም እንደገና ይለካል።

ሄሜንዌይ ግን የወንዶች አዳራሽ ነበረ። የሴቶቹ ነገር በዚያ ዘመን እንዴት እንደ ነበረ ካልተናገርን የሳርጀንት ሥራ ዋጋው አይታወቅም። በሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ኤድዋርድ ክላርክ የተባለ ሐኪም በ1873 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ልጃገረዶች እንደ ወንዶች በብርቱ ቢማሩ የአንጎል ድካም ለማሕፀናቸው የሚያስፈልገውን ኃይል ይሻማል፥ ጤናቸውም ይበላሻል ብሎ አስተማረ። መጽሐፉ በሰፊው ተነበበ። እንግዲህ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ማንበብ እንኳ የሴትን አካል ይጎዳል ከተባለ፥ ስለ መዝለልና ክብደት ስለ ማንሣት ምን ሊባል እንደሚችል አንባቢ ይገምተው። ብዙ ወላጆችም ይህን ሰምተው ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ኮሌጅ ከመላክ ወደ ኋላ ይሉ ነበር።

ሐርቫርድ ሴቶችን የማይቀበል ስለ ነበረ፥ በ1879 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው መምህራን ሴቶችን ለብቻቸው የሚያስተምሩበት አኔክስ የሚባል ክፍል ተከፈተ፤ ይህም ኋላ በ1894 ዓ.ም. ራድክሊፍ ኮሌጅ ተባለ። እነዚህ ተማሪዎች ለአእምሯቸው ትምህርት ቢያገኙም ለአካላቸው የሚሆን ስፍራ አልነበራቸውም። ሳርጀንት በ1881 ዓ.ም. በካምብሪጅ ከተማ ለእነርሱ የሚሆን የጂምናስቲክ ቤት ከፈተ። ቤቱም ሴቶችን ከማለማመድ አልፎ የሰውነት ማጠንከሪያ ትምህርት አስተማሪዎች የሚሆኑ ሴቶችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ሆነ። ይህ ነገር ቀላል አይደለም፤ ሴቶች በሰው ፈቃድ የሚጫወቱ ብቻ ሳይሆኑ፥ ሙያ ይዘው ሌሎች ሴቶችን የሚያሠለጥኑ ሆኑ ማለት ነው።

እዚህ ቤት ውስጥ ሳርጀንት እንደ ልማዱ ይለካ ጀመር። በ1889 ዓ.ም. ስለ ሴቶች አካል እድገት ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ የገለጸው አንድ ሙከራ ሊነገር ይገባዋል። በዚያን ጊዜ ሴቶች ኮርሴት የሚባል፥ ወገብንና ደረትን በገመድ ጠፍሮ የሚይዝ የውስጥ ልብስ ይለብሱ ነበር። ሳርጀንት 12 ወጣት ሴቶችን በሰፊ የጂምናስቲክ ልብስ 540 ያርድ፥ ማለት 494 ሜትር ያህል፥ አስሮጣቸው። ቀጥሎም ያንኑ ርቀት በኮርሴት ሆነው እንዲሮጡ አደረገ። በሁለቱም ጊዜ የፈጀባቸው 2 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ነበር። ከመሮጣቸው አስቀድሞ የልባቸው ትርታ በአማካይ በደቂቃ 84 ሲሆን፥ በሰፊው ልብስ ሮጠው ሲጨርሱ 152፥ በኮርሴት ሮጠው ሲጨርሱ ግን 168 ደረሰ።

አሥራ ሁለት ሰው ጥቂት ነው፤ የዛሬ ተመራማሪ በዚህ ብቻ አይፈርድም። ነገር ግን የጥያቄው አቀራረብ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ሁሉ ሴት ቶሎ ይደክማታል ሲል፥ ሳርጀንት የደከማት በተፈጥሮዋ ነውን ወይስ ባለበሷት ልብስ ብሎ ጠየቀ። መልሱንም ከአፉ ሳይሆን ከልባቸው ትርታ ቆጠረ።

ሥራውም እየሰፋ ሄደ። በ1887 ዓ.ም. በሐርቫርድ የክረምት ትምህርት ቤት ከፍቶ ከየአገሩ የሚመጡ ወንዶችና ሴቶች አስተማሪዎችን ማሠልጠን ጀመረ። በ1893 ዓ.ም. በቺካጎ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይም ከብዙ የኮሌጅ ተማሪዎች ልክ አማካይ ተወስዶ የተቀረጹ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ሐውልቶች ለሕዝብ ታዩ። በዚህ ላይ እኛም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። የተለኩት ተማሪዎች በአብዛኛው የነጮችና የባለጸጎች ልጆች ስለ ነበሩ፥ ከእነርሱ የተገኘው አማካይ የሰውን ልጅ ሁሉ ሊወክል አይችልም። አማካይ ማለትም ሰው የት እንዳለ ያሳያል እንጂ የት መድረስ እንደሚገባው አያዝም። የዚያ ዘመን ሰዎች ሁለቱን ነገር ብዙ ጊዜ ያደባልቁ ነበር፤ ሳርጀንትም ከዘመኑ ሰዎች አንዱ ነበረ።

በሴቶችም ነገር አሳቡ በሁሉ ነጻ የወጣ አልነበረም። በ1912 ዓ.ም. ለሴቶች በሚታተም ታዋቂ መጽሔት ላይ ስፖርት ልጃገረዶችን ወንዳወንድ ያደርጋልን የሚለውን ጥያቄ አንሥቶ ሲጽፍ፥ ከሴቶች መካከል አንዳንዶቹ ሊገቡበትና ሊበረቱበት የማይችሉ የስፖርት ዓይነት እንደሌለ ያለ ማመንታት መሰከረ። በዚያው ጽሑፍ ግን የወንዶቹ ጨዋታ ለሴቶች ሲሆን እንዲቀልና እንዲያጥር መከረ። አንድ እግሩ በአዲሱ፥ አንድ እግሩ በአሮጌው ዘመን ነበረ ማለት ይቻላል። ታሪኩን ስንናገር ይህንን መሸሸግ አይገባንም።

ስሙን እስከ ዛሬ ያቆየለት ሥራ ግን የመጣው ከሥራ ከተሰናበተ በኋላ፥ ዕድሜው ከ70 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ብዙ ዘመን የሰውን አካል በብዙ ዓይነት ልክ ሲለካ የኖረው ሳርጀንት፥ በመጨረሻ አንድ ቀላል ፈተና ፈለገ። የጭን ውፍረት ብርታትን በትክክል አይናገርም፤ ጭኑ የወፈረ ሁሉ ፈጣን አይደለም። በመሣሪያ የሚለካ ጉልበትም ፍጥነትን አያሳይም። ጉልበትን፥ ፍጥነትንና ቅልጥፍናን ባንድነት የሚያሳይ ነገር ምን ይሆን ብሎ ሲያስብ መልሱን በዝላይ አገኘው። ሰው ባለበት ቆሞ ወደ ላይ ሲዘል የገዛ አካሉን ከምድር ያነሣል፤ የሚያነሣውም በቅጽበት ነው።

በ1921 ዓ.ም. ያሳተመው ጽሑፍ ፈተናውን እንዲህ ያስረዳል። ተፈታኙ ከራሱ በላይ ከተንጠለጠለ ክብ ካርቶን በታች ይቆማል። ጉልበቱን አጥፎ፥ ክንዶቹን ወደ ኋላ ወስዶ ወደ ላይ በመወርወር ይዘልና ካርቶኑን በአናቱ ይነካል። ሊነካው የቻለው ከፍተኛው ስፍራ ከቁመቱ ምን ያህል እንደሚበልጥ ይለካል። ሳርጀንት ዝላዩን በክብደት አባዝቶ ለቁመት ያካፍለው ነበር። ለምሳሌ ክብደትዋ 130 ፓውንድ፥ ቁመትዋ 65 ኢንች የሆነች ተማሪ 12 ኢንች ብትዘል ቁጥርዋ 24 ይሆናል፤ ተለማምዳ 14 ኢንች ብትዘል 28 ይሆናል። ኋላ ሌሎች አስተማሪዎች ካርቶኑን ትተው ጣትን በጠመኔ ቀብቶ በግድግዳ ላይ ምልክት ማድረግን አስለመዱ፤ የሳርጀንት ዝላይ የሚለው ስም ግን ጸና።

የጽሑፉ ርእስ የወንድን ብቻ ወይም የሰውን ሁሉ አካል መፈተን ተብሎ ሊተረጎም የሚችል ነው፤ በእንግሊዝኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ይበቃልና። ጸሐፊው የትኛውን አስቦ እንደ ሆነ እኛ አንከራከርም። በግድግዳ ላይ ያለው መለኪያ ግን የዘለለው ወንድ ይሁን ሴት አይጠይቅም፤ ኢንቹን ብቻ ይናገራል።

ከሳርጀንት በኋላ የመጣው ጥናት የዝላይን ምሥጢር የበለጠ ገልጦታል። የሚዘል ሰው ምድርን የሚገፋበት ጊዜ ከሴኮንድ ሲሶ ገደማ አይበልጥም። ጡንቻ ደግሞ ያለውን ኃይል ሁሉ ለማውጣት ከዚህ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ከፍ አድርጎ ለመዝለል ብርቱ መሆን ብቻ አይበቃም፤ ያንን ብርታት ፈጥኖ ማውጣት ያስፈልጋል። ከዚህም የተነሣ አሠልጣኞች ሁለት ዓይነት ልምምድ ያጣምራሉ። አንዱ ክብደት በትከሻ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለትን የመሰለ የብርታት ልምምድ ነው፤ ሁለተኛው ወርዶ ወዲያው መልሶ የመዝለል የፍጥነት ልምምድ ነው። የዛሬ መሣሪያዎች ዘላይዋ በአየር ላይ የቆየችበትን ጊዜ ይቆጥራሉ፤ ግማሽ ሴኮንድ የቆየች 31 ሣንቲ ሜትር ያህል፥ ከሴኮንድ አሥር እጅ ስድስቱን የቆየች ደግሞ 44 ሣንቲ ሜትር ያህል ዘላለች ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች የሚገኘው ብርታት አብዛኛው ከጡንቻ መወፈር የሚመጣ አይደለም። ነርቮች ጡንቻን ባንድነትና በፍጥነት ማዘዝን ስለሚማሩ ነው፤ መወፈሩ ቀስ ብሎ ይከተላል። ሴቶችም በአማካይ የሚያነሡት ክብደት ከወንዶች ቢያንስም፥ ሲሠለጥኑ ከነበሩበት ተነሥተው የሚያሻሽሉት መጠን በመቶኛ ሲታሰብ ከወንዶቹ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። በደካማው ክብደት ጀምር፥ ለክተህ ጨምር የሚለው የሳርጀንት ሥርዓት ለሁለቱም ይሠራል።

አማርኛችን የብርታትንም የመገጣጠሚያውንም ስም ጉልበት ማለቱ ለዚህ ነገር የተስማማ ነው። ሴቶች ስፖርተኞች በሚዘለልበትና ድንገት በሚታጠፍበት ጨዋታ በጉልበታቸው ውስጥ ያለው ጅማት ከወንዶች ይልቅ ብዙ ጊዜ ይበጠሳል። የጥንቶቹ ሰዎች ይህንን ቢያውቁ ኖሮ ሴት አትዝለል ይሉበት ነበር። የዛሬው መልስ ግን ተቃራኒው ነው። በ1996 ዓ.ም. በአሜሪካን አገር የታተመ አንድ ጥናት 11 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሆኑ መረብ ኳስ ተጫዋች ልጃገረዶችን ለ6 ሳምንት የዝላይና የአወራረድ ልምምድ ካሠለጠነ በኋላ፥ ሲወርዱ አካላቸውን የሚመታው ኃይል 22 ከመቶ ያህል ቀነሰ፤ የዝላያቸውም ከፍታ 10 ከመቶ ገደማ ጨመረ። ከጉዳት የሚያድነው መከልከል ሳይሆን በሥርዓት መሠልጠን መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሳርጀንት ይህንን ሁሉ ሳያይ በ1924 ዓ.ም. ጁላይ 21 ቀን፥ በ74 ዓመቱ፥ በኒው ሃምፕሽር ግዛት በፒተርቦሮ ዐረፈ። የሕይወቱ ታሪክ ልጁ አዘጋጅቶት በ1927 ዓ.ም. ታተመ። ለሴቶች የከፈተው ትምህርት ቤት በ1929 ዓ.ም. ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋሐደ፤ ዛሬም የጤና ሳይንስ የሚያስተምረው የዩኒቨርሲቲው ኮሌጅ በስሙ ይጠራል። በ1972 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካን ሕግ የመንግሥት ገንዘብ የሚረዳው ትምህርት ቤት ተማሪን በፆታው ምክንያት እንዳይለይ ካዘዘ በኋላ፥ በዚያ አገር የሴቶች የኮሌጅ ስፖርት እጅግ ሰፋ። ከሳርጀንት ሞት እስከዚህ ሕግ ድረስ 48 ዓመት አልፎአል። መለኪያው አስቀድሞ ተገኝቶ ሳለ የሰው አስተሳሰብ እስኪደርስበት ይህን ያህል ጊዜ ፈጀ።

ቀኑን ሙሉ በመጽሐፍ ወይም በፋይል ላይ አጎንብሳችሁ የምትውሉ ወጣቶች፥ ከዚህ ሰው ታሪክ ለአካላችሁ አንድ ነገር መውሰድ ትችላላችሁ። ጥቂት ጠመኔና አንድ ግድግዳ ይበቃል። ቆማችሁ እጃችሁ የሚደርስበትን፥ ከዚያም ዘላችሁ የምትነኩትን ምልክት አድርጉ፤ ልዩነቱንና ቀኑን ጻፉ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ቁጭ ብድጉን በልክ እየጨመራችሁ፥ በመካከሉ አንድ ቀን እያረፋችሁ ተለማመዱና ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ለኩ። እኅቶቻችሁም አብረዋችሁ ይለኩ።

ለሥራችሁም የሚሆን ነገር አለው። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ይህች ልጅ ለዚህ ሥራ አትችልም፥ ያ ልጅ ለዚያ አይሆንም የሚል ቃል ከእናንተ የሚወጣበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ክላርክ በዕውቀቱ ተማምኖ ሳይለካ እንደ ፈረደ፥ የሰርከሱ ልጅ ግን በአስተያየቱ እንኳ ከዘመኑ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ መለካቱን እንዳልተወ ብታስታውሱ መልካም ነው።